መርፌ የማይያዝበት ቀን

መቐለ፣ ሓድነት
መስከረም 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጃችን ለዘቢብ፣ በርገን ከተማ፤

ዘመኑን ያሸጋገረን አምላክ በሰው አገር ሰማይ ሥር በጤና ያኑርሽ፤ ብርዱን ያቅልልሽ፤ የምትደክሚበትን ይባርክልሽ። እኔና አክስትሽ ገላነሽ፣ ምስጋና ለእርሱ ይሁንና፣ አለን።

በመንገደኛ እጅ የላክሽው የጨርቅ ጥቅል በጳጉሜን ደርሶናል። አክስትሽ እያንዳንዱን ቁራጭ በጉልበቷ ላይ ዘርግታ ስትዳስስ ዋለች። ዛሬ የምጽፍልሽ ግን ስለ ጨርቁ ሳይሆን ስለ ጉባኤው አስተዳደር ነው።

አንቺ በደብዳቤ መክረሻት፣ ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሰባት ስምንት ሴቶች በግቢያችን ተሰብስበው ከቁርጥራጭ ጨርቅ የአልጋ ልብስ መግጠም ከጀመሩ ሁለት ዓመት ሞላቸው። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ አልወደድሁትም ነበር። በእኛ ዘንድ ተጣጥፎ የተሰፋ ልብስ ድሪቶ ይባላል፤ ድሪቶም ያጣ ሰው ይለብሰዋል እንጂ የጨዋ ቤት አልጋ አይነጠፍበትም። ነገር ግን ገላነሽ ደስ ብሏት ስላየኋት ፈቀድሁ።

ከክረምቱ ወዲህ አክስትሽ ደከም ስላላት ጉባኤውን የመምራት ኃላፊነት በእኔ ላይ ወድቋል። ስረከበው ያገኘሁት ፍጹም ሥርዓት የለሽነት ነው። አንዷ በስምንት ሰዓት ትመጣለች፣ ሌላዋ በዐሥራ አንድ። ስም አይጠራም። አንዷ ቀይ በአረንጓዴ ላይ ትሰፋለች፤ “ለምን?” ሲሏት “ደስ አለኝ” ትላለች። ሊቀ መንበሯ ማን እንደ ሆነች ብጠይቅ፣ ኡሙሀኒ የተባለችው፣ ከወሎ መጥታ በገበያ ልባሽ ጨርቅ የምትሸጥ ሴት፣ “አቦይ፣ ሊቀ መንበር ለምኔ፤ እኛ የምንቀመጠው በምንጣፍ ነው” ብላ ሌሎቹን አሳቀችብኝ።

እኔ በቅኔ ቤት ያደግሁ፣ ከዚያም ሠላሳ አራት ዓመት አማርኛ ያስተማርሁ ሰው ነኝ። በእጄ የገባ ጉባኤ እንደ ገበያ ሲተራመስ ማየት አይሆንልኝም። አንቺም እዚያ እንዲህ ያለ ስብሰባ እንደምትመሪ ነግረሽን ነበር። መተዳደሪያ ደንቡን ገልብጠሽ ላኪልኝ። ጆሮዬ የስልክ ድምፅ መለየት ትቷልና በጽሑፍ ይሁን። ሌላ የምንሻው ነገር የለም።

የአክስትሽ ባለቤት፣
ሃብተማርያም


በርገን
ጥቅምት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአባቴ ምትክ ለአቦይ ሃብተማርያም፤

ጉልበትዎን ስሜ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እግዚአብሔር እርስዎንና አክስቴን ከእነ ሙሉ ቤታችሁ ይጠብቅልኝ፤ እጄ ያልደረሰበትን ቸርነቱ ይድረስበት።

አቦይ፣ እንዳይቆጡኝ። ደንብ የለንም።

ረቡዕ ማታ ከቤተ መጻሕፍት ሥር ባለች ክፍል ውስጥ ነው የምንሰበሰበው። በሩን እከፍታለሁ፣ ውኃ አፈላለሁ፣ ቁርጥራጩን በጠረጴዛው ላይ እዘረግፋለሁ። ሥራዬ ይኸው ነው። መጀመሪያ እኔም እንደ እርስዎ ሞክሬ ነበር። የሴቶቹን ስፌት እየዞርኩ ስመለከት፣ በሁለተኛው ሳምንት ግማሾቹ ቀሩ። አንድ ጡረታ የወጡ ዓሣ አጥማጅ ናቸው ቀስ ብለው የነገሩኝ፦ “ልጄ፣ እዚህ የምንመጣው ስፌት አጥተን መሰለሽ?” አሉኝ። ከዚያ ወዲህ አርፍዶ ለመጣ ቦታ እለቃለሁ፤ ያጣመመችውን ካልጠየቀችኝ አላቃናባትም፤ ወሬውም የፈለገበት ይሄዳል። ሰው ሲያወራ እጁ አይጨነቅም፤ እጁ ካልተጨነቀ ደግሞ ተመልሶ ይመጣል። ከዚህ በላይ የማውቀው ጥበብ የለኝም።

አሁን እኔ ልጠይቅዎት። አክስቴን “ደከም አላት” ያሉኝ እንዴት ነው? በሐምሌ በስልክ ሳገኛት “እናትሽ ደኅና ናት?” አለችኝ። እናቴ፣ የገዛ እኅቷ፣ ካረፈች ስድስት ዓመቷ ነው። መስመሩ ይሆናል በትክክል ያላሰማኝ ብዬ አለፍኩት። እውነት መስመሩ ነው? ከፈቀዱልኝ በጎረቤታችሁ በትምኒት ስልክ እየደወልኩ እጠይቃለሁ። እስከዚያው በአክስቴ እጅ የተሰፋ አንድ ቁራጭ ጨርቅ ይላኩልኝ፤ ከእኔው ጋር እገጥመዋለሁ።

ልጅዎ፣
ዘቢብ


መቐለ፣ ሓድነት
ጥቅምት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ዘቢብ፤

ጠባቂሽ መልአክ ከመንገድሽ አይለይ፤ ደጅሽን ክፉ አይርገጠው፤ እንጀራሽ ያለ ስድብ ይገኝልሽ።

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብሁት፤ “ደንብ የለንም” ያልሽበትን መስመር ግን አራት ጊዜ። ለባሕር ማዶ ሰዎች ይስማማ ይሆናል። እኔ ራሴ አርቅቄ ግድግዳ ላይ ለጥፌያለሁ። ሴቶቹ በዘጠኝ ሰዓት ይገባሉ። አቡነ ዘበሰማያት ይደገማል፤ ኡሙሀኒ እስኪፈጸም በአክብሮት ቆማ ትጠብቃለች፤ በዚህ አልነቅፋትም። ሐሜት ክልክል ነው። ይህን ባወጅሁ ዕለት ለአንድ ሰዓት ያህል የተናገረ ሰው አልነበረም። በመጨረሻ ሳቅ የማይገዳት ትምኒት “አቦይ፣ ስለ ራሴ ክፉ ባወራስ ሐሜት ነው?” ብላ ጸጥታውን አፈረሰችው።

ዋናው አንቀጽ ግን የበዓላት ነው። ገላነሽ ስትመራ በበዓል ቀን እንኳ መርፌ ይያዝ እንደ ነበር ስሰማ አፈርሁ። እናቶቻችን በበዓል እንኳን ሊሰፉ እንዝርት አይነኩም ነበር። ከእንግዲህ በዓል በዋለበት ቀን በግቢዬ መርፌ አይያዝም። በዚህ በጥቅምት ወር ማክሰኞዎቹ በ5 አቦ፣ በ12 ሚካኤል፣ በ19 ገብርኤል ዋሉ፤ ሐሙሶቹም በ7 ሥላሴ፣ በ14 አቡነ አረጋዊ፣ በ21 ማርያም ዋሉ፤ የፊታችን ሐሙስ ደግሞ አማኑኤል ነው። ከወሩ የተረፈችው ነገ፣ 26፣ ብቻ ናት።

ኡሙሀኒ ዝርዝሩን ስለጥፍ ከኋላዬ ቆማ ታይ ነበር።

“አቦይ፣ የእናንተ በዓል ሲያልቅ የእኛ ዓርብ ይመጣል። ይኼ መርፌ መቼ ነው የሚወጋው?” አለችኝ።

“መርፌ ይታገሣል፤ ነፍስ ግን ትጠየቃለች” አልኋት።

“ነፍስማ ትጠየቅ። አደይ ገላነሽ ‘የት ጠፋችሁ’ ብላ ስትጠይቀንስ ምን እንበላት?”

ቀኑን ወደ ሰኞና ረቡዕ ለማዛወር አስቤ ነበር፤ አክስትሽ ግን ከማክሰኞና ከሐሙስ ሌላ ቀን አልቀበልም አለች። ባለፈው ሰኞም ምንጣፉን አንጥፋ ተቀምጣ አገኘኋት፤ ለእርሷ ማክሰኞ ነበር። በዕድሜ የሚመጣ መዘንጋት ነው። ስለ እናትሽ የጠየቀችሽንም በዚሁ ቁጠሪው።

የፈለግሽውን ቁራጭ ልኬልሻለሁ። ዐይናቸው ሰፋ ያሉ መርፌዎች ከተገኙ ላኪ፤ ክር መሰካት አስቸግሯታል። በትምኒት ስልክ ልደውል ያልሽውን ግን አልፈቅድም። የቤቴ ነገር በጎረቤት ጆሮ አያልፍም። ቃሌን እንደምታከብሪ አውቃለሁ።

ሃብተማርያም


በርገን
ኅዳር 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አቦይ ሃብተማርያም፤

እንደምን ሰነበቱልኝ? ቸሩ አምላክ ጉልበትዎን ያጽናልኝ፤ ለአክስቴም ምሕረቱን ያውርድላት።

ቁራጩ ትናንት ደረሰኝ። ማታ መብራት ሥር አስቀምጬ ስመለከተው ቆየሁ። አራቱም ጠርዝ ወደ ውስጥ ታጥፎ ተሰፍቷል፤ ከዚያ በዚያው ስፌት ላይ እንደገና ተሰፍቷል፤ እንደገናም። አምስት ጊዜ ቆጠርኩ። ጨርቁ እንደ ከረጢት አፉ ተዘግቷል። መስመሩ ግን ቀጥ ያለ ነው፣ አንድም ቦታ አልተዛነፈም። አቦይ፣ የአክስቴ እጅ መስፋት አልረሳም። የረሳችው ሥራው ማለቁን ነው።

ይህ የዐይን ድካም አይደለም። እኔ የምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ እንዲህ ያሉ ብዙ አሉ፤ በየቀኑ አያቸዋለሁ። ሐኪም አይደለሁም፤ ስሙንም እኔ ልስጠው አልልም። ወደ ዓይደር ሆስፒታል ይውሰዷት።

አንድ ነገር ግን እለምንዎታለሁ፤ ከሥርዓትዎ ሁሉ ይህችን ብቻ ይተዉልኝ። መርፌውን ከእጇ አይውሰዱባት፤ በዓልም ቢሆን፣ እሑድም ቢሆን። እዚህ አንዲት ሹራብ ሠሪ የነበሩ ሴት አሉ። ሌላው ሁሉ ጠፍቶባቸው እጃቸው ብቻ ይሠራ ነበር። አንዲት አዲስ ሠራተኛ “ያቆስልዎታል” ብላ ሹራባቸውን ከነመርፌው ወሰደችባቸው፤ በማግሥቱ ብንመልስላቸው ምን እንደ ሆነ አላወቁትም። እስካሁን አላወቁትም። ሴቶቹንም አይበትኑባት። እነርሱ ሲመጡ የት እንዳለች ታውቃለች።

ይህን በስልክ ብነግርዎት በወደድኩ። እርስዎ አይሰሙኝም፤ በትምኒት በኩል ደግሞ ከልክለውኛል። ነገ በአዲስ አበባ በኩል ወደ መቐለ በሚመጣ ሰው እጅ እሰጠዋለሁ፤ በሳምንት ይደርሳል ብሎኛል። መርፌዎቹም አብረው አሉ።

ልጅዎ፣
ዘቢብ


መቐለ፣ ሓድነት
ኅዳር 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ዘቢብ፤

የሠራዊት አለቃ ቅዱስ ሚካኤል በክንፉ ይጋርድሽ፤ መውጣት መግባትሽን የቀና ያድርገው።

ከአንቺ ደብዳቤ ሳልጠብቅ የምጽፈው፣ በግቢያችን የሆነውን ከሌላ አፍ እንዳትሰሚው ብዬ ነው።

በኅዳር ሚካኤል ዕለት ነው፤ ሐሙስ ነበር። ከቅዳሴ ስመለስ፣ ነጠላዬን ሳላወርድ፣ ከግቢዬ ሳቅ ሰማሁ። ሴቶቹ በምንጣፉ ዙሪያ ተቀምጠዋል። ትልቁ የአልጋ ልብስ በመካከላቸው ተዘርግቷል። አክስትሽ መርፌ ይዛለች፤ ኡሙሀኒ እጇን በእጇ ላይ አድርጋ ትመራታለች። በዓመቱ በዓል!

“ዛሬ ምን ቀን ነው?” አልሁ።

“ሐሙስ ነው፣ አቦይ” አለች ኡሙሀኒ።

“ሚካኤል ነው። አንቺን በዓሉ ባይመለከትሽ የሰው ቤት በዓል አታፍርሺ። ከእንግዲህ በዚህ ደጅ እንዳላይሽ።”

መርፌውንም ከገላነሽ እጅ ወሰድሁ። ሴቶቹ ጨርቃቸውን ሰብስበው አንድ በአንድ ወጡ። ትምኒት እንኳ አልሳቀችም።

ሥርዓት እንዲከበር ማድረጌ አያጸጽተኝም። ነገር ግን ዛሬ ማክሰኞ ነው፤ በዓልም አይደለም። ዘጠኝ ሰዓት አለፈ፣ ዐሥር ሆነ፣ ዐሥራ አንድ ሆነ። የመጣ ሰው የለም። አክስትሽ ከምንጣፉ ዳር ተቀምጣ በሩን ታያለች። መርፌውን ራሴ ክር ሰክቼ ብሰጣት አልያዘችውም።

የማስታወስ ኃይልን የሚያጸና መድኃኒት እዚያ አለ ይባላል። ካለ ላኪልኝ።

ሃብተማርያም


በርገን
ኅዳር 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአቦይ ሃብተማርያም፤

እግዚአብሔር ሁላችንንም ይርዳን።

የኅዳር 4 ደብዳቤዬ አልደረሰዎትም ማለት ነው። ያዥው አዲስ አበባ ጉዳይ ገጥሞት እዚያው መሰንበቱን ዛሬ ሰማሁ። ሲደርስዎ ምን እንደሚሉ አላውቅም። እኔም ምን እንደምልዎ አላውቅም።

የጠየቁት ዓይነት መድኃኒት የለም። ቢኖርማ እዚህ ያሉት ሁሉ በዳኑ።

ዘቢብ


መቐለ፣ ሓድነት
ታኅሣሥ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ዘቢብ፤

እኔ ያጣሁትን ምሕረት አንቺን አያሳጣሽ።

የኅዳር 4 ደብዳቤሽ ኅዳር 29 ቀን ደረሰኝ። በሩ ላይ ቆሜ ጀመርሁት፤ ተቀምጬ ጨረስሁት። ከሚካኤል ዕለት ዐሥራ ሰባት ቀን ዘግይቷል።

ወደ ዓይደር ወስጃታለሁ። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ በትዕግሥት መረመረቻት። ሦስት ነገሮች ነግራት ጥቂት ቆይታ ብትጠይቃት፣ አክስትሽ ፈገግ ብላ “አንቺው ታውቂያቸው የለ” አለቻት። ከዚያ እኔን ወደ ውጭ ጠርታ “ኣጆኹም፣ አቦይ” ብላ አበረታችኝ፤ “ይዘገይ እንደ ሆነ እንጂ የሚመለስ አይደለም” አለችኝ። በምን እንደሚዘገይ ብጠይቃት፣ “የለመደችውን ሥራ አያስተዉአት፤ የለመደቻቸው ሰዎችም አይራቁባት” አለች። አንቺ የጻፍሽውን ያነበበች ይመስል ነበር።

ባለፈው ደብዳቤዬ ያስቀረሁት ነገር አለ፤ አሁን እነግርሻለሁ። መርፌውን ስወስድባት እጇን ከነጠላዋ ሥር ደበቀች። ተማሪዎቼ በአለንጋ ከተመቱ በኋላ እንዲሁ ያደርጉ ነበር። ከዚያም ቀስ ብላ “አጠፋሁ?” አለችኝ።

“አዎን፣ አጥፍተሻል” አልኋት።

ከዚያ ቀን ወዲህ መርፌ ስሰጣት የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ “ዛሬ ሚካኤል ነው፤ ሰውየው ይቆጣል።” ሰኞም ሚካኤል ነው፤ ረቡዕም ሚካኤል ነው። “የትኛው ሰውዬ?” አልኋት አንድ ቀን። “ያ ነጠላ የለበሰው” አለችኝ። ነጠላዬን አውልቄ ከጎኗ ተቀመጥሁ። ትንሽ ጠጋ አለችልኝና “ሄደ?” ብላ ጠየቀችኝ።

ያንቺን እናት ሞት ረስታለች። የሠርጋችንን ዓመት ረስታለች። በአርባ ስምንት ዓመት ትዳር ብዙ መልካም ቃል የነገርኋት ይመስለኝ ነበር፤ አንዱም ተርፎ አላገኘሁትም። የአንዲት ቀን ቁጣዬን ግን ጠዋት ማታ ትነግረኛለች። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም እያልሁ ለሌሎች ሳስተምር ኖሬያለሁ።

የበዓላቱን ዝርዝር ከግድግዳው አንሥቻለሁ። ምን ዋጋ አለው? ዝርዝሩ እርሷ ዘንድ አለ።

ሴቶቹ አይመጡም። ትምኒትን በደጅ አግኝቼ ብጠይቃት አንገቷን ደፍታ “ኡሙሀኒ ካልመጣች እኛም አንመጣም፣ አቦይ” አለችኝ። ስለዚህ ዛሬ የምለምንሽ መድኃኒት አይደለም። አንቺ ለኡሙሀኒ ጽፈሽ ለምኚልኝ። የአንቺን ቃል አትጥልም። እኔ በዚህ ዕድሜዬ፣ ስንቱን አስታርቄ፣ በሰው ደጅ ቆሜ የምናገረውን አላውቅም።

ሃብተማርያም


በርገን
ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአቦይ ሃብተማርያም፤

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ አደረሰዎ። የቤታችሁን ጨለማ የሚያውቅ እርሱ ብርሃን ይላክላችሁ።

ለኡሙሀኒ አልጽፍላትም። ይቅር ይበሉኝ። ስለ እርስዎ እኔ ብለምናት እሺ ትለኝ ይሆናል፤ የተሰደበችው ግን በእርስዎ አፍ ነው። በዚያ ላይ እርሷ እኮ አክስቴን እጇን ይዛ የምታሰፋ ሴት ነች። እዚህ ይህን ሥራ የሚያውቁ ሰዎች ተምረው ነው፤ እርሷን ማን አስተማራት? እርስዎ ይሂዱ፣ አቦይ።

እኔ ልመጣ አልችልም። የመኖሪያ ወረቀቴ እድሳት ላይ ነው፤ ከወጣሁ መመለሴ አይታወቅም። ሌሊት ሌሊት አስባለሁ። ቀን የሰው እናት አጥባለሁ፣ አበላለሁ፣ ፀጉር አበጥራለሁ። የእናቴን እኅት አንድ ቀን እንኳ አላበጠርኩም። በትምኒት ስልክ መደወል ነበረብኝ። “ቃሌን እንደምታከብሪ አውቃለሁ” ብለውኝ ነበርና አከበርኩ። ይህን ለወቀሳ አልጻፍኩትም፤ ወቀሳው ለእኔም ይደርሰኛል።

የማውቀውን አንድ ነገር ልንገርዎት። እኛ እዚህ ቀናቸውን አናርምባቸውም። አንድ ሽማግሌ ጠዋት ጠዋት “መርከቡ ሊነሣ ነው” ሲሉ “ገና ነው፣ ቁርስዎን ይጨርሱ” እንላቸዋለን። መርከብ የለም። “ዛሬ በዓል ነው” ካለችዎ አይከራከሯት፤ እንኳን አደረሰሽ ይበሏት። ዋሽተው እንደማያውቁ አውቃለሁ። ሌላ መላ ቢኖረኝ ኖሮ ይህን አልመክርዎትም ነበር።

ልጅዎ፣
ዘቢብ


መቐለ፣ ሓድነት
የካቲት 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ዘቢብ፤

የምታጥቢያቸው እናቶች ምርቃት ይድረስሽ፤ ወረቀትሽን ያስፈጽምልሽ፤ የናፈቅሽውን ደጅ ለመርገጥ ያብቃሽ።

ጥር 26 ቀን ወደ ቁሓ ሄድሁ፤ ኡሙሀኒ የምትኖረው እዚያ ነው። ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ባዶ አንገቱን እንደማይሄድ ታውቂያለሽ። ከግቢያችን ድንጋይ መርጬ በጆንያ ይዤ ሚኒባስ ተሳፈርሁ። ከጎኔ የተቀመጠች ሴት ጆንያውን በእግሯ ነካ አድርጋ “አቦይ፣ የወፍጮ መጅ ነው?” ብትለኝ፣ “የራሴ ሸክም ነው” አልኋት።

ከደጇ ስደርስ ድንጋዩን በማጅራቴ ላይ አድርጌ ቆምሁ። ጎረቤቶች ወጥተው ያያሉ። ኡሙሀኒ በሩን ከፍታ ስታየኝ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች።

“ያ አላህ! አቦይ፣ አውርዱት! ሰፈሩ ገደለችው ሊለኝ ነው!”

“ይቅር ካላልሽኝ አላወርድም።”

“ብያለሁ! ለአላህ ብያለሁ! ኧረ ወዲህ በሉት፤” አለችና ተቀበለችኝ። “ውይ፣ ሲከብድ! ከዚህ የሚያንስ ድንጋይ በሓድነት ጠፋ?”

“የጥፋቴን ልክ ነው የመረጥሁት።”

“እንግዲያው ግማሹን መልሳችሁ ውሰዱ፤ እኔም እኮ በዓሉን አውቅ ነበር” አለች፤ እየሳቀች እንባዋ ይወርድ ነበር።

ያልጠየቅሁትን የነገረችኝ ያን ጊዜ ነው። በኅዳር ሚካኤል፣ እኔ ቅዳሴ ሳለሁ፣ አክስትሽ ከቤት ወጥታ ከበር በር እየሄደች “ሐሙስ ነው፣ ምነው ቀራችሁብኝ?” እያለች ስታለቅስ ትምኒት አገኘቻት። መልሳ ልታስገባት ብትሞክር እንቢ አለች። ጨንቋት ለኡሙሀኒ ደወለች። “አቦይ ይቆጣሉ” ያለች እንኳ ነበረች። ኡሙሀኒ ግን “ሳይመለሱ አንድ መስመር እናሰፋትና እንሄዳለን” አለቻቸው። እኔ የሰማሁት ሳቅ፣ ልቅሶዋን ስለ ተወች የሳቁት ነበር።

ማክሰኞ፣ የካቲት 4፣ ሁሉም መጡ። የነነዌ ጾም ሁለተኛ ቀን ነበር። የአልጋ ልብሱን ዘረጉ፤ ኡሙሀኒ መርፌ ይዛ ከአክስትሽ አጠገብ ተቀመጠች፤ እጇንም እንደ ቀድሞው በእጇ ላይ አደረገች። አክስትሽ እጇን ስባ ነጠላዋ ውስጥ ከተተች።

“ዛሬ ሚካኤል ነው፤ ሰውየው ይቆጣል።”

ኡሙሀኒ ደግማ አልሞከረችም። መርፌዋን ከሻሿ ጠርዝ ሰካችና “እውነትሽን ነው፣ አደይ፤ እንኳን አደረሰሽ” አለቻት። ትምኒትም ተከተለች፤ ሌሎቹም። ሁለት ዓመት የተደከመበትን የአልጋ ልብስ አጥፈው ከጥግ አስቀመጡትና ባዶ እጃቸውን ተቀምጠው ሲያወሩ ዋሉ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ሕዝብ ማቅ ለብሶ በሚለምንበት ጾም “እንኳን አደረሰሽ” ማለት ከአፌ አልወጣ አለኝ።

እንግዲህ ጉባኤው ይህ ነው። በዘጠኝ ሰዓት የምትመጣ አለች፤ በዐሥራ አንድ የምትመጣ አለች። የሚሰፋ የለም። የላክሻቸው መርፌዎች እንደ ታሸጉ ናቸው፤ ሌላ እንዳትልኪ። ሐኪሟም ካዘዘችኝ ሁለት ነገር አንዱን፣ ሰዎቹን፣ ብቻ መልሻለሁ።

ትናንት ሐሙስ ነጠላዬን ቤት ትቼ ገባሁ። ትምኒት ቦታ ለቀቀችልኝ። ከምንጣፉ ዳር ተቀመጥሁና አክስትሽን “እንኳን አደረሰሽ” አልኋት። አውቄ የተናገርሁት ሐሰት ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ቀና ብላ በትሕትና አየችኝ።

“እንኳን አብሮ አደረሰን። ባለቤትዎ ደኅና ናቸው?”

ሴቶቹ ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ።

“ደኅና ናት” አልሁ።

“ምነው ይዘዋቸው አልመጡ?”

“ሥራ ይዛ ነው።”

“በሚካኤል!” አለች ደንግጣ። “በሚካኤል ሥራ ትሠራለች? አይቆጧትም እንዴ?”

“ተቆጥቻታለሁ” አልኋት።

ሃብተማርያም